ሪቫልዶ ከሬሲፌ እስከ ሉዋንዳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የብራዚሉ እግር ኳስ ተጫዋች ሪቫልዶ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ማሊያ ነው፦ የብራዚልን ቢጫና የባርሴሎናን ሰማያዊና ቀይ። የቀረው የተጫዋችነት ዘመኑ ብዙ ጊዜ በአንድ አፍ ይታለፋል። «መጨረሻ ላይ ለገንዘብ ብሎ ኡዝቤኪስታን ሄደ» ይባላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ በዚህ አልስማማም። የዚህን ሰው ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። ሪቫልዶ ሁልጊዜ የሚፈልገው ሜዳ ውስጥ መሆንን ነበር፤ ያውም መሀል ላይ፣ ኳሱ በሚያልፍበት ቦታ። ያ ሲከለከል ሻንጣውን ያነሳል። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪቫልዶ የት ተወለደ? አስተዳደጉስ እንዴት ነበር?

ሙሉ ስሙ ሪቫልዶ ቪቶር ቦርባ ፌሬራ ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1972 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በፔርናምቡኮ ግዛት ተወለደ። የተወለደባት ከተማ ፓውሊስታ ትባላለች፤ ከትልቋ ከተማ ከሬሲፌ ጥግ ናት።

ቤተሰቡ በጣም ድሃ ነበር። የምግብ እጥረቱ በሰውነቱ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ገና ልጅ ሳለ ጥርሶቹን አጥቷል፤ እግሮቹም እንደ ደጋን የጎበጡ ናቸው። በ1989 ደግሞ አባቱ ሮሚልዶ በመንገድ ላይ አደጋ ሞተ። ልጁ በዚያ ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት በፓውሊስታኖ ክለብ ኳስን እንደ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሬሲፌው ሳንታ ክሩዝ ሄደ።

ይህን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም። ሪቫልዶ በኋላ ላይ ዝምተኛ፣ ቶሎ የማይስቅ፣ አንዳንዴም ግትር ሰው ነው ሲባል ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል።

አማካይ ነበር ወይስ አጥቂ?

ይህ ጥያቄ ሪቫልዶን ራሱን ለዓመታት ያስጨነቀ ነው። መልሱ የማጥቃት አማካይ ነው፤ ከአጥቂው ጀርባ የሚጫወት 10 ቁጥር። አንዳንድ አሰልጣኞች ሁለተኛ አጥቂ አድርገውታል። አንዳንዶቹ ደግሞ ግራ መስመር ላይ አቁመውታል፤ እሱ ይህን አምርሮ ይጠላ ነበር።

ግራኝ ነው። ረጅምና ቀጭን ነው። ኳስ ሲይዝ የቸኮለ አይመስልም። ተከላካዩ «ደረስኩበት» ሲል ግን በግራ እግሩ ነካ አድርጓት ቦታው ላይ የለም። ቅጣት ምት ይመታል፤ ከርቀት ይመታል፤ ኳስ በደረቱ አብርዶ መሬት ሳትነካ ይመታል። ቀኝ እግሩን ብዙም አይጠቀምም ነበር፤ ግራው ግን ለሁለቱም ይበቃ ነበር።

ቁጥሩን ካየን ደግሞ ለባርሴሎና በ235 ጨዋታ 130 ጎል አለው። ለብራዚል በ74 ጨዋታ 35። ይህ የብዙ አጥቂዎች ሕልም የሆነ ቁጥር ነው፤ እሱ ግን አማካይ ነኝ ይል ነበር። ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጎሎቹ የመጡት ጨዋታውን ከኋላ እያየ ስለሚደርስ ነው።

በስንት ክለብ ተጫወተ?

ከሳንታ ክሩዝ ጀምረን ብንቆጥር 14 ክለቦች፣ ስድስት አገሮች፣ አራት አህጉሮች። በብራዚል ሳንታ ክሩዝ፣ ሞጂ ሚሪም፣ ኮሪንቲያንስና ፓልሜራስ። በስፔን ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛና ባርሴሎና። በጣሊያን ሚላን። ለአጭር ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ ክሩዜሮ። ከዚያ በግሪክ ኦሊምፒያኮስና ኤኢኬ አቴንስ፣ በኡዝቤኪስታን ቡንዮድኮር፣ እንደገና በብራዚል ሳኦ ፓውሎ፣ በአንጎላ ካቡስኮርፕ፣ በመጨረሻም ሳኦ ካኤታኖና እንደገና ሞጂ ሚሪም።

አውሮፓ ከመሄዱ በፊት ታዋቂ ነበር?

በብራዚል፣ በጣም። በ1992 የሞጂ ሚሪም ቡድን በሳኦ ፓውሎ ግዛት ሻምፒዮና ትልልቆቹን ያስጨንቅ ነበር። አሰልጣኙ ቫዳዎ ተጫዋቾቹን ቦታ እያቀያየረ ስለሚያጫውት ሕዝቡ «የገጠሩ ካሩሰል» ብሎ ሰይሞት ነበር። ሪቫልዶ የዚያ ቡድን ፍሬ ነው። በ1993 ኮሪንቲያንስ በውሰት ወሰደው።

ቀጥሎ የመጣው ለኮሪንቲያንስ ደጋፊ መራራ ነው። በ1994 ፓልሜራስ ገዛው፤ ፓልሜራስ ማለት ደግሞ የኮሪንቲያንስ ዋነኛ ተቀናቃኝ ነው። የዚያ ዓመት የብራዚል ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። በመጀመሪያው ጨዋታ ፓልሜራስ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለቱ የሪቫልዶ ነበሩ። በመልሱ 1 ለ 1 ወጡ፤ ያችንም ያገባው እሱ ነው።

በ1996 ደግሞ በቫንደርሌይ ሉሸምቡርጎ ሥር ፓልሜራስ የግዛቱን ዋንጫ ያነሳው 102 ጎል አስቆጥሮ ነው። ካፉ፣ ጃልሚኛ፣ ሙለርና ሉዊዛዎ የነበሩበት ቡድን ነው። የዚያን ዘመን የብራዚል ክለብ ኳስ ለማየት የሚፈልግ ከዚህ ቡድን ቢጀምር አይቆጭም።

በ1994 የዓለም ዋንጫ ላይ ለምን አልነበረም?

አሰልጣኝ ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራ አልመረጡትም፤ ያው ነው። ለብሔራዊ ቡድን መጫወት የጀመረው በዲሴምበር 1993 ከሜክሲኮ ጋር ነው። ብራዚል 1 ለ 0 ስታሸንፍ ጎሏን ያገባው እሱ ነበር። ሆኖም ለዓለም ዋንጫው አልደረሰም።

የ1996ቱ ኦሊምፒክ ለምን እንደ ጥቁር ነጥብ ይነሳበታል?

በአትላንታው ኦሊምፒክ ከ23 ዓመት በላይ ሆነው ከተመረጡት ሦስት ተጫዋቾች አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ቤቤቶና አልዳይር ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ከእሱ ብዙ ይጠብቅ ነበር። በግማሽ ፍጻሜ ብራዚል ናይጄሪያን 3 ለ 1 እየመራች ነበር። ናይጄሪያዎች ተነሱ። አጥቂያቸው ካኑ በመጨረሻው ደቂቃ 3 ለ 3 አደረገው፤ በጭማሪ ሰዓት ደግሞ በወርቃማ ጎል (ያኔ በጭማሪ ሰዓት ቀድማ የገባች ጎል ጨዋታውን ትጨርስ ነበር) 4 ለ 3 ጨረሰው። ለአፍሪካ ኳስ ትልቅ ቀን ነበር፤ እኛም ብንሆን የደስታው ተካፋይ ነን።

ብራዚል ውስጥ ግን ጥፋተኛ ተፈለገ። ሪቫልዶ ኳስ አስነጥቆ ለጎል ምክንያት ሆኗል ተባለ። ብራዚል ፖርቱጋልን 5 ለ 0 አሸንፋ ነሐስ ብታገኝም ወቀሳው አልለቀቀውም። «ለክለብ ይጫወታል፣ ለአገር አይጫወትም» የሚለው ክስ ከዚያ ጀምሮ እስከ 2002 ድረስ ተከትሎታል። በኖቬምበር 2000 ብራዚል በሳኦ ፓውሎ ኮሎምቢያን 1 ለ 0 ስታሸንፍ እንኳን የገዛ አገሩ ተመልካች በጩኸት አሳደደው። ብሔራዊ ቡድኑን እተዋለሁ እስከማለት ደርሶ ነበር። የዓለም ኮከብ ከተባለ አንድ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር እኮ።

ባርሴሎና እንዴት ገባ?

በመጀመሪያ በ1996 ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ወሰደው። በአንድ የውድድር ዘመን በስፔን አንደኛ ሊግ በላሊጋ 21 ጎል አገባ፤ ቡድኑም ሦስተኛ ወጣ። በ1997 ሮናልዶ ባርሴሎናን ትቶ ኢንተር ሲሄድ ክፍተቱ ትልቅ ነበር። ባርሴሎና የዝውውሩ መስኮት ሊዘጋ ሲል የሪቫልዶን የውል ማፍረሻ ከፍሎ ወሰደው፤ ወደ 4 ቢሊዮን ፔሴታ ነው። ዴፖርቲቮዎች ተተኪ ለመፈለግ እንኳን ጊዜ አላገኙም።

በመጀመሪያው ዓመት ባርሴሎና የላሊጋና የንጉሡ ዋንጫ ባለቤት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ላሊጋውን ደገመ፤ ሪቫልዶ በሊጉ 24 ጎል ነበረው።

ባሎንዶርን በየትኛው ዓመት አሸነፈ?

በ1999። ባሎንዶር የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው ሽልማት ነው። በዚያው ዓመት የፊፋ የዓለም ኮከብም ተባለ። በሁለቱም ሽልማቶች ሁለተኛ የወጣው ዴቪድ ቤካም ነው። አንዳንድ ሰው «ቤካም እኮ በዚያ ዓመት ሦስት ዋንጫ አንስቷል» ብሎ ይከራከራል። ዋንጫው እውነት ነው። ግን ሪቫልዶ ያንን ዓመት ምን እንደሠራ ይታይ። ላሊጋውን አንስቷል። በፓራጓይ በተካሄደው የደቡብ አሜሪካ አገሮች ዋንጫ በኮፓ አሜሪካ ከሮናልዶ ጋር እኩል አምስት አምስት ጎል በማግባት ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። በፍጻሜው ብራዚል ኡራጓይን 3 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለቱን አግብቷል። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ነው። ሽልማቱ ትክክለኛ ሰው እጅ ነው የገባው።

ከቫን ሃል ጋር የተጣላው በምንድን ነው?

በቦታ ነው። የባርሴሎናው ሉዊ ቫን ሃል ሁሉም ተጫዋች የተሰጠውን ቦታ እንዲጠብቅ የሚፈልጉ አሰልጣኝ ናቸው። ሦስት አጥቂ ያሰልፋሉ፤ ግራው የሪቫልዶ ነው። ክላይቨርት መሀል፣ ፊጎ ቀኝ። ለሁለት ዓመት ይህ አሠራር ዋንጫ አምጥቷል።

ሪቫልዶ ግን መስመር ላይ ተለጥፎ መጫወት አልፈልግም አለ። በ1999 መጨረሻ ባሎንዶሩን በወሰደ ሰሞን ነገሩን በግልጽ ተናገረ፤ ከእንግዲህ ግራ ክንፍ ላይ አልጫወትም፣ መሀል ነው የምጫወተው አለ። ቫን ሃል ደግሞ በዚህ የሚደራደሩ ሰው አይደሉም። ከቡድኑ አወጡት። የዓለም ምርጥ የተባለ ተጫዋች በተሸለመ ማግስት ውጭ ተቀመጠ።

በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ቁስሉ ግን አልዳነም። በኤፕሪል 2000 በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ቼልሲን በካምፕ ኑ 5 ለ 1 ሲያሸንፉ ሪቫልዶ ሁለት አግብቷል። በመደበኛው ሰዓት መጨረሻ አካባቢ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ነበር፤ በጭማሪ ሰዓት ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ሲገኝ እንደገና እሱ መጣና መታት፤ ገባች። የሰውየውን ባሕርይ ለማወቅ ይቺን ብቻ ማየት ይበቃል። ባርሴሎና ግን በግማሽ ፍጻሜ በቫሌንሲያ ተሸነፈ፤ ቫን ሃልም በዚያው ዓመት ለቀቁ።

ጥፋቱ የማን ነው? ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። አሰልጣኙ ቡድኑን ማሰብ አለበት። እኔ ግን ለሪቫልዶ አደላለሁ። እንዲህ ዓይነት ግራ እግር ያለውን ሰው መስመር ላይ ማቆም ኳሱን ከእሱ ማራቅ ነው።

ሁሉም የሚያወራላት የመቀስ ምት የትኛዋ ናት?

ጁን 17 ቀን 2001፣ ካምፕ ኑ፣ ባርሴሎና ከቫሌንሲያ። የላሊጋው የመጨረሻ ቀን ነው። ዋንጫው ተወስዷል። የቀረው አራተኛ ደረጃ ነው፤ አራተኛ የወጣ የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ይገባል። ቫሌንሲያ አቻ ይበቃዋል። ባርሴሎና የግድ ማሸነፍ አለበት። ቫሌንሲያዎች በዚያው ሰሞን የሻምፒዮንስ ሊግን ፍጻሜ በባየርን ሙኒክ በፔናሊቲ ተሸንፈው ነው የመጡት፤ ስለዚህ ለእነሱም ነገሩ የሞት የሽረት ነበር።

ሪቫልዶ ገና በጨዋታው መጀመሪያ በቅጣት ምት አገባ። የቫሌንሲያው ባራሃ በቴስታ አቻ አደረገ። ከእረፍት በፊት ሪቫልዶ ከርቀት አክርሮ መታ፤ 2 ለ 1። ከእረፍት መልስ እንደገና ባራሃ፤ 2 ለ 2። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ስታዲየሙ ተጨንቋል።

ጨዋታው ሊያልቅ አንድና ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፍራንክ ደ ቦር ከመሀል ኳስ ከፍ አድርጎ ሰጠው። ሪቫልዶ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ውጭ ነው፤ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቷል። ኳሷን በደረቱ አበረዳት፤ ወደ ላይ ከፍ አለች። ከዚያ አየር ላይ ተገልብጦ በግራ እግሩ መታት። በረኛው ካኒዛሬስ ዘሎ ነበር፤ አልደረሰባትም። 3 ለ 2።

ማሊያውን አውልቆ እያውለበለበ ሮጠ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ጆዋን ጋስፓርት በክብር እንግዶች ወንበር ላይ ራሳቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ታይተዋል። ብዙ ሐትሪክ፣ ማለትም አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል ሲያገባ፣ አይቻለሁ። ሦስቱም ጎሎች እንዲህ ያማሩበት፣ ደግሞም አንድ ቡድን የዓመቱን ሙሉ ድካሙን የተሸከመበት ሌላ ሐትሪክ ግን አላውቅም። በወቅቱ ክለቡን የያዙት ካርሌስ ሬሻክ ነበሩ፤ ሪቫልዶንም መሀል ላይ ነፃ አድርገውት ነበር።

ጊዜ ካላችሁ ከዚህ ሌላ ሁለት ጨዋታ ፈልጉ። አንደኛው በኖቬምበር 1998 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር 3 ለ 3 የወጡበት ነው፤ እዚያም በመቀስ ምት አግብቷል። ሁለተኛው በኦክቶበር 2000 በሚላን ከተማ ከኤሲ ሚላን ጋር 3 ለ 3 የወጡበት ነው፤ ሦስቱም የእሱ ናቸው።

በዓለም ዋንጫ ስንት ጎል አገባ?

ስምንት። በ1998 ሦስት፦ አንድ በሞሮኮ ላይ፣ ሁለት ደግሞ በሩብ ፍጻሜ ዴንማርክን 3 ለ 2 ሲያሸንፉ። ፍጻሜውን በፈረንሳይ 3 ለ 0 ተሸነፉ።

በ2002 አምስት። በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች በእያንዳንዱ አግብቷል፦ ቱርክ፣ ቻይና፣ ኮስታሪካ፣ ቤልጂየም፣ እንግሊዝ። እንግሊዝ ላይ የገባችው ከሁሉም ከባዷ ጊዜ ላይ የመጣች ናት። ብራዚል 1 ለ 0 እየተመራች ነበር። ሊያርፉ ሲሉ ሮናልዲኒዮ ኳስ ይዞ ገፋ፤ አሽሊ ኮልን በአብዶ አለፈውና ለሪቫልዶ ሰጠው። ሪቫልዶ ሳያቆማት በግራ እግሩ ጥጉ ላይ አስቀመጣት። ጨዋታው በአገራችን ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር የጀመረው፤ ያኔ ተማሪ ወይም ሠራተኛ የነበረ ሰው ምን ሰበብ ፈጥሮ እንዳየው ያስታውሳል።

በፍጻሜው አላገባም፤ ሁለቱም የሮናልዶ ጎሎች ግን የእሱ እጅ አለባቸው። የመጀመሪያዋ ሪቫልዶ መትቶ የጀርመኑ በረኛ ኦሊቨር ካን የለቀቃት ናት። ሁለተኛዋን ኳስ ክሌበርሶን ሲልክ ሪቫልዶ እግሩን ከፍቶ አሳለፋት፤ ተከላካዩም አብሮ ተሸወደ። ጎሉ ዝርዝር ላይ ስሙ የለም። ለእኔ ግን ያችን ኳስ መልቀቁ ከብዙ ጎል ይበልጣል፤ ለብራዚል አይጫወትም ለሚለው ክስም ከዚያ በላይ መልስ የለም።

ከቱርክ ጋር የሆነው ነገርስ?

ይህን ማለፍ አይቻልም። የ2002 የመጀመሪያ ጨዋታቸው ነው፣ ኡልሳን ላይ። ብራዚል 2 ለ 1 እየመራች ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ሪቫልዶ የማዕዘን ምት ሊመታ ቆሟል። የቱርኩ ሃካን ኡንሳል ኳሷን ወደ እሱ መታት፤ እግሩን ነካችው። ሪቫልዶ ግን ፊቱን ይዞ ወደቀ። ኡንሳል ሁለተኛ ቢጫ አይቶ በቀይ ወጣ።

ፊፋ ሪቫልዶን በገንዘብ ቀጣው፤ ከጨዋታ ግን አላገደውም። ማታለል ነበር። ለሌላ ስም አይበቃም። ያን የሚያህል ችሎታ ያለው ሰው ይህን ማድረጉ ያሳዝናል፤ ቱርኮች እስካሁን ቢያነሱት መብታቸው ነው።

ከባርሴሎና ለምን ወጣ?

በ2002 ክለቡ ቫን ሃልን መልሶ ቀጠረ። ሪቫልዶ የአንድ ዓመት ውል ቀርቶት ነበር። ሁለቱ ባንድ ጣሪያ ሥር እንደማይኖሩ የታወቀ ነው፤ ውሉ ተቀደደና በነፃ ወደ ሚላን ሄደ።

በሚላን ለምን አልተሳካለትም?

በወረቀት ላይ ሲታይ ተሳክቶለታል። በ2003 ሻምፒዮንስ ሊግንና የጣሊያን ዋንጫን አንስቷል። ነገር ግን በኦልድ ትራፎርድ ሚላን ጁቬንቱስን በፔናሊቲ ሲረታ ሪቫልዶ ከተጠባባቂ ወንበር አልተነሳም። ሩዊ ኮስታ ነበረ፣ ሴዶርፍ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወጣቱ ካካ መጣ፤ የሪቫልዶ ቦታ ጨርሶ ተያዘ። በ2003 መጨረሻ ለቀቀ። ለብራዚል የመጨረሻ ጨዋታውን የተጫወተውም በዚያው ኖቬምበር ከኡራጓይ ጋር ነው።

ክሩዜሮ ብዙ አልቆየም። የሄደው ከቀድሞ አሰልጣኙ ከሉሸምቡርጎ ጋር ለመሥራት ነበር፤ እሳቸው ሲለቁ እሱም ለቀቀ።

ግሪክ ውስጥ ምን ሠራ?

ብዙዎች ያላዩት ትልቅ ዘመን ይህ ነው። ኦሊምፒያኮስ በ2004 ሲወስደው 32 ዓመቱ ነበር፤ አለቀለት ተብሏል። ሦስት ዓመት፣ ሦስት የሊግ ዋንጫ፣ ሁለት የግሪክ ዋንጫ። በመጀመሪያው ዓመት በመጨረሻው ቀን ኦሊምፒያኮስ ዋንጫውን ለመውሰድ ኢራክሊስን በተሰሎንቄ ማሸነፍ ነበረበት። 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ያገባው ሪቫልዶ ነው።

የሊቨርፑል ደጋፊ ከሆናችሁ ደግሞ በዲሴምበር 2004 በአንፊልድ የሆነውን ታውቃላችሁ። የስቴቨን ጄራርድ ያቺ የመጨረሻ ጎል። ያን ምሽት ቀድሞ በቅጣት ምት ያገባው ሪቫልዶ ነበር። ሊቨርፑል 3 ለ 1 አሸንፎ አለፈ፤ በኢስታንቡል ዋንጫውን እስኪያነሳ ድረስ የሄደበት መንገድ ከዚያ ነው የጀመረው።

በ2007 ወደ ከተማው ተቀናቃኝ ወደ ኤኢኬ አቴንስ ተሻገረ። እዚያ የደረሰበት ያስቆጫል። አፖሎን ካላማሪያስ ኦሊምፒያኮስን 1 ለ 0 ያሸነፈበት ጨዋታ ላይ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ ነጥቡ ለኦሊምፒያኮስ ተሰጠ። ዋንጫውም በሁለት ነጥብ ልዩነት ከኤኢኬ እጅ ወጣ።

ወደ ኡዝቤኪስታን የሄደው ለገንዘብ ብቻ ነው?

ገንዘቡ ብዙ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የታሽከንቱ ቡንዮድኮር ያኔ የእስያን ኳስ ገንዘብ አፍስሶ ለመቆጣጠር የተነሳ ክለብ ነበር። ሳሙኤል ኤቶን ሳይቀር ለመውሰድ ሞክሯል። በአሰልጣኝነት ዚኮን፣ ቀጥሎም ሪቫልዶን በ2002 ያሰለጠኑትን ሉዊዝ ፌሊፔ ስኮላሪን ቀጥሯል።

ግን «ብቻ» የሚለው ቃል ላይ ነው የማልስማማው። ለገንዘብ ብቻ የሄደ ሰው ቼኩን ይዞ ይቀመጣል። ሪቫልዶ በ2009፣ በ37 ዓመቱ፣ በ20 ጎል የኡዝቤኪስታን ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ክለቡ በ2008፣ በ2009 እና በ2010 ሊጉን አንስቷል። በዚያ ላይ በሚላን ያጣውን ቦታ እዚያ አገኘው። መሀል ላይ ነው፣ ኳሱ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ሊጉ ደካማ ነው ካላችሁ እውነት ነው። ቢሆንም ከባርሴሎና ወጥቶ በአውሮፓ ጥግ ወንበር ላይ ከማርጀት ይህን መምረጡን አልነቅፈውም።

በእርግጥ አፍሪካ ውስጥ ተጫውቷል?

አዎ። በ2011 ለሳኦ ፓውሎ ከተጫወተ በኋላ በ2012 ወደ አንጎላ፣ ወደ ሉዋንዳው ካቡስኮርፕ ሄደ። በዚያው ዓመት 40 ዓመት ሞላው። ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ስለሆነ ለመላመድ አልከበደውም። ሐትሪክም ሠርቷል። ባሎንዶር ያሸነፈ ሰው በአፍሪካ የአገር ውስጥ ሊግ ውስጥ ሙሉ ዓመት ሲጫወት ማየት ብርቅ ነው፤ የአህጉራችን የስፖርት ሚዲያ ከዚያ በላይ ሊያወራለት ይገባ ነበር።

ሳኦ ፓውሎን የለቀቀበት ምክንያትም ያው የድሮው ነው። አሰልጣኙ በበቂ አላሰለፉኝም ብሎ በአደባባይ ቅሬታ አቅርቧል።

ለምንድን ነው ከሮናልዶና ከሮናልዲኒዮ እኩል የማይጠራው?

ሮናልዶ ፈጣን ነበር፤ ተጎድቶ የተነሳበት ታሪክም አለው። ሮናልዲኒዮ ሲጫወት ይስቃል፤ ሕፃን ሁሉ ይወደዋል። ሪቫልዶ ዝም ይላል። ከጋዜጠኛ ይሸሻል። ሲያሸንፍም ፊቱ ብዙ አይፈታም። ኳስ ተመልካች ደግሞ ፊት ያያል።

ባርሴሎናም ሪቫልዶ እያለ አውሮፓን አላሸነፈም። ከእሱ በኋላ የመጣው ቡድን ዋንጫ በዋንጫ ሆነ፤ ከ2000 አካባቢ ያለው ዘመን እንደ ባዶ ጊዜ ተቆጠረ። ያን ጊዜ ክለቡን ተሸክሞ ያቆመው ግን ማን ነበር? በ2002 ስኮላሪ ሦስቱን አብረው ሲያሰልፉ ሪቫልዶ ከሁለቱ አላነሰም። የአምስቱን ጨዋታ ጎሎች አንድ በአንድ ማየት ነው።

ከልጁ ጋር አብሮ ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሪቫልዶ በ2008 የድሮ ክለቡ የሞጂ ሚሪም ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። በ2013 ለሳኦ ካኤታኖ ተጫውቶ ጉልበቱ አስቸገረውና ውሉን አቋረጠ። ከዚያ ፕሬዚዳንት ወደሆነበት ክለብ ተጫዋች ሆኖ ገባ። በፌብሩዋሪ 2014 ከልጁ ከሪቫልዲኒዮ ጋር በአንድ ማሊያ ሜዳ ገባ። በማርች ጫማ ሰቀልኩ አለ።

አልቻለም። በ2015 ተመለሰ። ጁላይ 14 ቀን በብራዚል ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሞጂ ሚሪም ማካኤን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ አባትም ልጅም አገቡ። አባት 43 ዓመቱ ነው፣ ልጅ 20። በኦገስት ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን በእውነት አቆመ። ክለቡ በዚያ ዓመት ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወርዷል።

ሪቫልዲኒዮም እንደ አባቱ ተጓዥ ሆኗል። በሮማኒያ፣ በቡልጋሪያና በፖላንድ ክለቦች ተጫውቷል፤ የሚጫወተው ግን አጥቂ ሆኖ ነው።